አስቸኳይ፦ ወንድሜ ከማኒያው ወጥቷል፣ ግን ያነበበው አይያዝለትም፤ መውጫ ፈተናው ደርሷል

እህቱ_ነኝ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ታናሽ ወንድሜ አካውንቲንግ የመጨረሻ ዓመት ነው። በዐቢይ ጾም መሃል ታሞብን ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ፤ ባይፖላር ነው ተባልን፤ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚጦዝበት (ማኒያ የሚሉት)፣ አንዴ በድብርት የሚወድቅበት ሕመም። ከዚያ በፊት ምንም አያውቀውም ነበር። አሁን ተመስገን ረጋ ብሏል፣ ይተኛል፣ ይበላል፣ ወሬውም ተስተካክሏል። የቸገረን ጥናቱ ነው። አንድ ገጽ ጨርሶ ምን አነበብክ ስለው ዝም ይለኛል። ሱቅ ሦስት ነገር ብንልከው አንዱን ይዞ ይመጣል። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። አንድ የምናውቀው ሰው «ባይፖላር የአንጎልን ግንኙነት ይበጥሳል፣ ኤም አር አይ አስነሡት፣ የተበጠሰበት ቦታ ይታያል» አለን። ዋጋውን ስንጠይቅ ደነገጥን፣ እናቴ ግን ነገ ጠዋት ወርቋን ልትሸጥ ተነሥታለች። የትኛውን ዓይነት ነው የምናስነሣው? የተበጠሰውን የሚቀጥል መድኃኒትስ አለ? እባካችሁ ዛሬውኑ።

ቀልደኛው_ከመርካቶ፦
እኔ ምንም ሳይነካኝ ኦዲቲንግ ሳነብ ገጹን የምገልጠው ለነፋስ ነበር። ያለፍኩት በእናቴ ስለት ነው። ለማንኛውም ወንድምሽን እግዜር ይማረው። ወርቁን ግን አትንኩት፣ ገና ይጨምራል።

የዕድር_ጸሐፊ፦
ልጄ፣ ይህ ሁሉ ከስልክና ከእንቅልፍ ማጣት የመጣ ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ሌሊቱን በጫት ቀኑን በስልክ ነው የሚያሳልፈው። እኛ በኩራዝ አጥንተን ነው ለዚህ የበቃነው። ጠዋት ጠዋት በሶ ይጠጣ፣ ጠበል ይጠመቅ፣ ከሰው ይቀላቀል። የሚያደነዝዘው ደግሞ መድኃኒቱ ነው፤ ቀስ እያለ ይተወው።

ሌሊት_ተረኛ፦
አባቴ፣ እንቅልፍና ጫት ያሉትን ሁለት እጄን አንሥቼ እቀበላለሁ። ሌሊት ነቅቶ ማደርም ጫትም ማኒያን ይቀሰቅሳሉ። ጠበሉንም ማንም አይከለክልም፤ ክኒኑን ውጦ መጠመቅ ይችላል። «ይተወው» ያሉትን ግን እባክዎ ይሰርዙልኝ። የሳይካትሪ ሬዚደንት፣ ማለትም የአእምሮ ሕክምና የምማር ሐኪም ነኝ። በተረኝነቴ ሌሊት ከሚመጡት አብዛኞቹ «ተሽሎኛል» ብለው ያቆሙ ናቸው።
እህቴ፣ ምን ምን ነው የሚወስደው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር። የመድኃኒቶቹን ስም ከነመጠኑ ጻፊልን። ሜሪላንድ ነርስ ነኝ፤ እዚህም ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ኤም አር አይ ነው።

እህቱ_ነኝ፦
ሃሎፔሪዶል ማታ፣ ቫልፕሮት ጠዋትና ማታ፣ ደግሞ አርቴን የምትባለዋን ትንሿን ጠዋትና ማታ። መጠኑን እናቴ ናት የምታውቀው፣ ተኝታለች። ግን እኮ እኔ የጠየቅሁት ስለ ኤም አር አይ ነው!

ሌሊት_ተረኛ፦
እሺ፣ ከእሱ ልጀምር። ወርቁ ይቀመጥ።
ሰውዬው የነገራችሁ ከመሬት የተነሣ ወሬ አይደለም፣ የተጣመመ እውነት ነው። ስሜትን የሚያቀጣጥለው ክፍል፣ አሚግዳላ የሚባለው፣ አንጎል ውስጥ ወደ ጥልቁ ነው ያለው። እሱን የሚገታው ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ነው። በባይፖላር ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ንግግር ይላላል። ዲቲአይ በሚባል ልዩ የኤም አር አይ አነሣስ የነርቭ ክሮቹን ያጠኑ ሰዎች፣ ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ትልቁ ድልድይ ላይና በሌሎችም መስመሮች ላይ የክሮቹ አሰላለፍ ከጤነኛው በትንሹ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። በሽታው ገና ሲጀምር በተነሡ ሰዎችም ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ ታይቷል።
አሁን «በትንሹ» ያልኩትን ያዢልኝ። ይህ የሚታየው የብዙ ታካሚዎችን ምስል ሰብስበው ከብዙ ጤነኞች ጋር በአማካይ ሲያወዳድሩ ነው። የአንድን ሰው ምስል ብቻውን አስቀምጠሽ ባይፖላር አለበት ወይም የለበትም የሚል ሐኪም የለም፤ የታካሚውና የጤነኛው ቁጥር ይደራረባል። የተበጠሰ ነገርም የለም። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ስልኩ ይደወላል ግን ድምፁ እየተቆራረጠ ይደርሳል አይደል? እንደዚያ ቁጠሪው። እናንተ ከፍላችሁ የምታስነሡት የተለመደው ኤም አር አይ ደግሞ ይህንን ጭራሽ አያነብም። «ኖርማል» የሚል ወረቀት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፣ ከዚያ እናትሽ «ታዲያ ለምን አያስታውስም?» ብላ ሌላ ቦታ ትወስደዋለች።
ኤም አር አይ የምናዝበት ጊዜ አለ፦ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሆነ፣ የሚጥል በሽታ ከታየ፣ አንድ ጎኑ ከደከመ፣ ወይም በሽታው በጎልማሳነት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጣ። እሱ ላይ ከእነዚህ አንዱ አለ?

እህቱ_ነኝ፦
የለም። ታዲያ ሁልጊዜ እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው?

ድሮ_ሬጂስትራር፦
ማንም ያላነሣውን ልበል። ለምንድነው ግን በዚህ ሰኔ የሚፈተነው? በጤና ምክንያት ዊዝድሮው ማድረግ፣ ማለትም ትምህርቱን ለጊዜው ማቋረጥ ይችላል። የሐኪም ማስረጃ ይዞ ዲፓርትመንቱ ጋር ይሂድ፣ ከዚያ ሬጂስትራር። ሳያሳውቅ እንዳይጠፋ ብቻ፤ የጠፋና በሕመም የወጣ ሲመለስ የሚስተናገደው በአንድ ዓይነት አይደለም። መውጫ ፈተናውም ቢሆን ዳግም ይሰጣል። አንጎሉን ለሰኔ ከማድረስ ሰኔን ማሳለፍ ይቀላል።

ቀልደኛው_ከመርካቶ፦
ይሄ ሰውዬ በሥራ ላይ እያለ እንዲህ ቢመክረን ኖሮ ስንቶቻችን በተረፍን።

ሌሊት_ተረኛ፦
ሬጂስትራሩ ልክ ነው፣ ወረቀቱን የሚያክመው ሐኪም ይጽፍለታል።
«እንዲህ ሆኖ ይቀራል ወይ» ላልሽው፦ ከመጀመሪያው ማኒያ በኋላ ትኩረት፣ የሰሙትንና ያነበቡትን መያዝ፣ የማሰብ ፍጥነት፣ ሥራን በቅደም ተከተል ማቀድ፣ እነዚህ ስሜቱ ከተስተካከለም በኋላ ወደ ኋላ ሊቀሩ ይችላሉ። ስንፍና አይደለም፣ እባካችሁ አትቆጡት። ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ ከመጀመሪያ ማኒያቸው የወጡ ወጣቶችን ተከታትለው ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ሳያገረሽባቸው የቆዩት ላይ ችሎታው ተሻሽሎ ታይቷል፣ ያገረሸባቸው ግን ያን ያህል አልተሻሻሉም። ስለዚህ «የሚቀጥል መድኃኒት» ላልሽው ዋናው መልስ እንዳያገረሽ ማድረግ ነው። ስሜቱን የሚያረጋጋውን ቫልፕሮቱን ማቆም ማለት ያንን ዓመት መጣል ነው።
አንድ ነገር ግን አጣሩ። ከማኒያ በኋላ ድብርት ተከትሎ ይመጣል፣ ድብርትም ትኩረትን ይበላል። ፊቱ ይፈታል? ድሮ የሚወደውን ነገር ይወዳል? የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራም ይታይለት፤ ከኤም አር አይ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም።

ባለ_ሁለት_ወቅት፦
እኔ ራሴ ባይፖላር ነኝ፣ ስሜን ያወጣልኝ የሰፈር ልጅ ነው፦ በጋና ክረምት። ከሆስፒታል ስወጣ የገዛ ፒን ቁጥሬ ጠፍቶብኝ ኤቲኤሙ ካርዴን ዋጠብኝ። በኋላ ሐኪሜ አርቴኗን ቀነሰልኝና አፌም እራሰ፣ ጭንቅላቴም ከፈት አለ። ስለዚህ እህቴ፣ ሦስተኛዋን ክኒን ጠይቂ።
ለጥናቱ ደግሞ፦ ገጽ ሙሉ አያንብብ። አንድ አንቀጽ፣ መጽሐፉን መክደን፣ ለሰው ጮክ ብሎ ማስረዳት። አንቺ አድማጭ ሁኚለት፣ አካውንቲንግ ባይገባሽም ራስሽን ነቅንቂ። የቆዩ ፈተናዎችን ይሥራ፣ ማስታወሻ ከማንበብ ይሻላል። ጠዋት ይሁን፣ ከእራት በኋላ መጽሐፍ አይከፈት። ሱቅ ሲሄድ በወረቀት ጻፊለት፣ ለምን ይፈተናል?

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ከላይ ያለው ቀልድ መስሎ እንዳያልፍሽ! አርቴን ማለት ትራይሄክሲፌኒዲል ነው። የሚሰጠው የማኒያው መድኃኒት ሃሎፔሪዶል የሚያመጣውን መገተርና መንቀጥቀጥ ለመከላከል ነው። ግን አሴቲልኮሊን የሚባለውን የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ይዘጋል፣ አንጎል አዲስ ነገር ለመያዝ ደግሞ እሱን ይፈልጋል። አፍ መድረቅ፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ ሆድ ድርቀት፣ መርሳት አብረው ይመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ለመከላከል ብቻ ብሎ ለሁሉም በዘልማድ መስጠትን አይመክርም። ሃሎፔሪዶሉ ራሱ ያደክማል፤ ማኒያው ካለፈ መጠኑን ሐኪሙ ሊያየው ይችላል።

እህቱ_ነኝ፦
አፉማ ይደርቃል! ውሃ ይዞ ነው የሚውለው። አርቴኑን ዛሬ ማታ ላስቀረው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
አይሆንም! ሃሎፔሪዶሉን እየወሰደ አርቴኑን በድንገት ብታስቀሪው አንገቱ ሊጠመዝዝ፣ ሰውነቱ ሊገተር ይችላል። ነገ ወርቅ ቤት በምትሄዱበት ሰዓት የሚከታተለው ሐኪም ጋር ሂዱ። «ያነበበው አይያዝለትም፣ አፉ ይደርቃል፣ አርቴን ይቀነስ ወይ፣ ሃሎፔሪዶሉስ?» ብላችሁ ጠይቁ። በወረቀት ጽፋችሁ ያዙት።

ተማሪ_ጅማ፦
ወገን፣ ዊዝድሮው ማድረግ ይችላል እኮ፣ የሐኪም ወረቀት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ድሮ_ሬጂስትራር፦
ከላይ ተብሏል ወንድሜ። ዲፓርትመንቱንም ጨምርበት።

የዕድር_ጸሐፊ፦
መልካም፣ ከተማረ ሰው አልከራከርም፣ «ይተወው» ያልኩትን አንሥቻለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ግን ሊቲየም ታዘዘለት ሲሉ ሰማሁ። ይሄ የስልክ ባትሪው ነው?

ቀልደኛው_ከመርካቶ፦
አዎ አባባ፣ ማታ ማታ ቻርጅ ይደረጋል።

ሌሊት_ተረኛ፦
ንጥረ ነገሩ በእርግጥ አንድ ነው፣ የሚዋጠው ግን ጨው ሆኖ ነው። በ1949 አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ በማኒያ ላይ እንደሚሠራ ጽፎ አሳወቀ፣ እስከ ዛሬም እንዳያገረሽ ከሚከላከሉት ዋነኛው ነው። የነርቭ ክሮቹን ባጠኑት ሥራዎችም ሊቲየም የሚወስዱት ምስል የተሻለ ሆኖ ታይቷል። ችግሩ የሚጠቅመው መጠንና የሚመርዘው መጠን መቀራረባቸው ነው፤ በደም ውስጥ በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል አካባቢ እንዲሆን እንፈልጋለን፣ ከ1.5 ካለፈ አደጋ ነው። የሚለካው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው።
ለጎረቤትዎ ልጅ ይንገሩልኝ፦ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ ሊጾም ካሰበ አስቀድሞ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር። ውሃ ሲያንስ ሊቲየሙ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ለራስ ምታትም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ አይዋጥ፣ መጠኑን ከፍ ያደርጉበታል። ተቅማጥ፣ ማስመለስ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ መባስ፣ ምላስ መተሳሰር ከመጣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

የዕድር_ጸሐፊ፦
እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ይህንን ለዕድርተኛው አነባለሁ።

ባለ_ሁለት_ወቅት፦
እህቱ፣ ሐኪሙ ምን አለ?

ቤቲ_ሐዋሳ፦
ጥያቄ ልጨምር፣ ይቅርታ። እህቴም ቫልፕሮት ነው የምትወስደው፣ በቅርቡ አግብታለች። ችግር አለው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
አለው፣ ሳታረግዝ በፊት ሐኪሟን ታናግር። በእርግዝና ጊዜ ቫልፕሮት ከወሰዱ እናቶች ከሚወለዱ 10 ሕፃናት አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይኖረዋል። ከ10ሩ ከሦስት እስከ አራቱ ደግሞ በአእምሮ እድገት ሊዘገዩ ይችላሉ። በራሷ አታቁመው፣ እስክትቀይር የወሊድ መቆጣጠሪያ ትጠቀም። አሁን አርግዛ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ነገ ውሰጃት።