ብሎክ ያደረግነውን ሰው ልክፈተው ወይስ ይቅር? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ እዚህ አሜሪካ የአንዲት የከተማ ምክር ቤት አባል ፌስቡክ የማስተዳድረው እኔ ነኝ፣ ገጿ ላይ የልጆቿ ፎቶም አለ የመንገድ ጥገና ማስታወቂያም አለ፣ ድብልቅልቁ የወጣ ነገር ነው። ባለፈው አንድ ሰውዬ በየፖስቱ ስር እየመጣ ሲነዘንዛት "በቃ ብሎክ አድርገው" አለችኝ፣ እኔም አደረግኩት። አሁን እከሳለሁ እያለ ነው 😩

ሊንድኪ በፍሪድ ላይ ያቀረበውን ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማርች 15፣ 2024 የወሰነበትን አነበብኩ፣ የሚሺጋኗ ፖርት ሂውረን ከተማ ማናጀር በኮቪድ ጊዜ የተቸውን ሰው ብሎክ ያደረገበት ኬዝ ነው። ዘጠኙም ዳኞች ያሉት፣ ባለስልጣኑ በመንግስት ስም የመናገር ስልጣን በትክክል ካለውና ሲፖስትም ያንን ስልጣን እየተጠቀመ ከመሰለ ነው ብሎክ ማድረጉ እንደ መንግስት ድርጊት የሚቆጠረው፣ ያኔ ነው ብሎክ የተደረገው ሰው የመናገር ነጻነቴ ተነካ ብሎ መክሰስ የሚችለው። ኮመንት ማጥፋት በየፖስቱ ተለይቶ ይታያል፣ ብሎክ ግን ከገጹ በሙሉ ስለሚያስወጣ ለእንደኛ አይነቱ ድብልቅ ገጽ የባሰ ነው። እኔ ደሞ ቀለል ያለውን ትቼ ከባዱን መረጥኩ!

የጨነቀኝ ይሄ ነው፣ አንድ ተራ የምክር ቤት አባል ብቻዋን በከተማው ስም የመናገር ስልጣን አላት እንዴ? ውሳኔው ስልጣኑ ከህግ ወይ ከከተማው ደንብ ወይ ከቆየ ልማድ መምጣት አለበት ይላል፣ የኛን ደንብ ባገላብጠው ስለሶሻል ሚዲያ አንድም ቃል የለውም። "ይህ የግል ገጽ ነው" ብሎ መጻፍ በጣም እንደሚያግዝ ገብቶኛል፣ ግን አሁን ብጽፈው ላለፈው ይሰራል? ሰውየውን ብከፍትለትስ ጥፋት እንዳመንን ይቆጠርብናል? የከተማ ህግ የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ መልሱልኝ።