መጨረሻ ክፍል ስደርስ ምግቡ ለብ ይላል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ነው የምሠራው። ከምድጃ ሲወርድ 82 ዲግሪ የነበረ ሾርባ በጋሪ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ፣ ጥግ ካሉት እናት ጋ ሲደርስ 48 ሆኖ አገኘሁት። እሳቸውም ቀምሰው «ልጄ፣ ይሄን እግሬን እንድታጠብበት ነው ያመጣሽልኝ?» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ግን አፈርኩ። ምግብ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ጋሪ እንዲገዛ ጠይቄ «በጀት የለም» ተብያለሁ። ያለ እሱ ምን ይደረጋል?

ጡረተኛ ምግብ አብሳይ፦
እህቴ፣ ሰሃኑን በእጅሽ ነክተሽ አይተሻል? ቀዝቃዛ ሰሃን ላይ የተጨለፈ ሾርባ ከወጥ ቤት ሳይወጣ ነው የሚበርደው። እኛ ክዳን ስንቀያይር ከርመን፣ ለውጥ ያየነው ሰሃኑን ማሞቅ ስንጀምር ነው። ጋሪው በር ካለው፣ የፈላ ውሃ በተከደነ ድስት አስገብተሽ ከጭነት በፊት ሆዱን አሙቂው። ሰላጣና እርጎ አብረሽ አትጫኚ። ደግሞ የሁሉንም ጨልፈሽ አትውጪ፤ የአንድ ፎቅ ብቻ ጨልፊ፣ አድርሺ፣ ተመለሺ። እግር ይጨርሳል፣ አውቃለሁ።

ነርስ ነኝ፦
ነገሩ የጣዕም ብቻ አይደለም። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መሃል ባክቴሪያ ይራባል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ስፖሩ (እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆየው ጠንካራ መልኩ) መፍላትን ይቋቋማል፤ በ40ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ሲሆን ደግሞ መራባቱ በጣም ይፈጥናል። ለጎልማሳ የአንድ ቀን ተቅማጥ የሆነው አዛውንትን ውሃ አሳጥቶ ሊጥል ይችላል። እስኪታደል ከ60 በላይ ይቆይ፤ 63 የሚሉ አገሮችም አሉ።

48 ሆኖ ወዲያው ከተበላ ብዙም አልሰጋም። እኔን የሚያስፈራኝ «ሲነቁ ይበሉታል» ተብሎ ራስጌ የሚቀመጠው ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ ይደፋ፣ ሌላ ይምጣላቸው። መዋጥ ለሚያስቸግራቸው የሚፈጨውንም አትርሺ፤ ሲፈጭ ይበርዳል፣ ብዙ ዕቃም ይነካዋል። ከተፈጨ በኋላ እንደገና 75 እስኪደርስ ይሙቅ። ቴርሞሜትርሽንም በረዶ ውሃ ውስጥ ፈትኚው፤ 0 ካላሳየ እያታለለሽ ነው።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። ቴርሞሜትሩ ደህና ነው። ዛሬ ሰሃኖቹን አሙቄ በየፎቁ ከፋፍዬ አወጣሁ፤ ጥግ ክፍል ስደርስ 64! እናት ግን አንድ ማንኪያ ቀምሰው «ዛሬ ደግሞ ልታቃጥይኝ ነው?» አሉ።

ነርስ ነኝ፦
እውነታቸውን ነው፤ ቆዳቸው ስስ ነው፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ጭናቸው ላይ ይደፋል። ሙቀቱ ለመንገዱ ነው። አጠገባቸው ሆነሽ ክዳኑን ክፈቺና እያማሰልሽ ትንሽ ይብረድላቸው፤ ትኩሱን ሰሃንም በእጃቸው እንዳይዙት።

ጠያቂ፦
እሺ። ነገ ክዳኑን ከፍቼ ትራሳቸውን እያስተካከልኩ እጠብቃለሁ።