ጆሮው የተቆረጠ ወይፈን ለዑድሒያ (ለአረፋ መሥዋዕት እርድ) ይበቃልን?

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) እውቀት ያላችሁ ሼሆችና ኡስታዞች እንድትረዱን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጎንደር፣ አዲስ ዓለም የምንኖር 7 ጎረቤታሞች ለአረፋ አንድ ወይፈን በጋራ ገዝተናል። አንድ ከብት ለ7 ሰው እንደሚበቃ፣ 2 ዓመት የሞላው መሆን እንዳለበት፣ አንድ ዓይኑ በግልጽ የጠፋ፣ የታመመ፣ የሚያነክስ ወይም መቅኒ እስኪያጣ የከሳ እንደማይታረድ ተምረናል። ሻጩ ገበሬ 2 ዓመት እንዳለፈው ቢነግረንም፣ አፉን ከፍተን ስናይ የፊት የወተት ጥርሶቹ ገና ስላልወለቁ ዕድሜው አጠራጥሮናል። የቀኝ ጆሮው ጫፍም ለምልክት ተብሎ የጥፍር ያህል ተቆርጧል፤ ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል። ከመካከላችን የሻፊዒን መዝሀብ (የፊቅህ አስተምህሮ) የተማሩት ከጆሮው ትንሽም ቢጎድል አይበቃም ሲሉ፣ የሐነፊን መዝሀብ የሚከተሉት ደግሞ አብዛኛው ጆሮ እስካለ ድረስ ይበቃል ይላሉ። እኔ በበኩሌ ለአላህ የሚቀርብ ነገር ጥርጣሬ ባይኖርበት እመርጣለሁ። ደግሞም አንደኛው ባልደረባችን ድርሻውን ለዑድሒያ ሳይሆን ለሥጋው ብቻ መፈለጉ የሌሎቻችንን ያበላሽ ይሆን? እርዱ ከዒድ ሶላት በኋላ ስለሆነ፣ ወይፈኑን ሸጠን እያንዳንዳችን ሙክት ብንገዛ ይሻል እንደሆነ ከወዲሁ ብትመልሱልን፣ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን።