ጭምብሉም ጀልባዋም ያሉበት የ«ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ» ፊልም ክፍል የትኛው ነው?

የቆዩ አስፈሪ ፊልሞችን የምታውቁ እስኪ እርዱኝ።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን ቪዲዮ ቤት ገባን። የደረስነው ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ስለነበር ርዕሱን አላየሁም። ሁለት ነገር ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። አንዱ ገዳዩ ያጠለቀው ነጭ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የሆኪ ጭምብል ነው። ሌላው መጨረሻው። አንዲት ልጅ ሐይቅ ላይ፣ ትንሽ ጀልባ ውስጥ ሆና፣ ሁሉም ነገር ጸጥ ብሎ፣ በቃ ተረፈች ስል የሆነ ነገር ከውሃው ውስጥ ወጥቶ ጎተታት። ያን ማታ የበሬሳን ወንዝ ድልድይ ያሻገረኝ ወንድሜ አዝሎኝ ነው።

ጓደኛዬ «ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ ነው» አለኝ፤ ብዙ ክፍል ያለው አስፈሪ ፊልም ስለሆነ የትኛው እንደሆነ መፈለግ ጀመርኩ። የመጀመሪያው (እ.ኤ.አ. 1980) ላይ ጀልባዋ አለች፣ ግን ገዳይዋ በሁለተኛው ክፍል ገዳይ የሚሆነው የጄሰን እናት ናት፣ ጭምብልም የለም። በ1981ዱ በሁለተኛው ጄሰን ፊቱን የሸፈነው በከረጢት ነው። በ1984ቱ በአራተኛው ጭምብሉ አለ፣ መጨረሻው ግን ሌላ ነው፤ ትንሽ ልጅ ፀጉሩን ተላጭቶ ገዳዩን ያዘናጋዋል። የ1982ቱን ሦስተኛውን ሁለቴ አወረድኩት፣ ሁለቴም መጨረሻው ላይ ተቆረጠብኝ።

ወንድሜ ለገና ከሸዋ ሮቢት ይመጣል፣ ያንኑ ፊልም አብረን ብናየው ደስ ይለኛል። ሁለት ፊልም አደባልቄ ይሆን ወይስ ሦስተኛው መጨረሻ ላይ የጀልባዋ ትዕይንት አለ?