በረሮና አይጥ ባለበት ቤት ኪራይ በሰዓቱ እየከፈልን ነው፣ ምን እናድርግ?

የጠባሴዋ፦

ሰላም የሀገሬ ልጆች እንዴት ናችሁ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ ጠባሴ ነው ያደግኩት፣ በዲቪ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር አሜሪካ መጥተን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ተከራይተናል። ቤቱን የተረከብነው ማታ ስለነበር ምንም አላየንም፣ አሁን ግን ሌሊት ተነስቼ የኪችኑን መብራት ሳበራ በረሮው ግድግዳው ላይ ይበታተናል፣ አይጡ ደግሞ ከምድጃው ኋላ እየወጣ የጤፍ ከረጢቴን ቀዶታል። የባኞ ቤቱ ጣራ ከላይኛው ቤት ውሃ እየወረደበት ሻግቷል። ሊዚንግ ኦፊስ፣ የአከራዩ ቢሮ ማለት ነው፣ ስንት ጊዜ ደወልኩ፣ እሺ ሰው እንልካለን ይሉኛል፣ አንድ ሰውዬ መጥቶ ጥጋጥጉን ረጭቶ ሄደ በቃ። ትንሹ ልጄ አስም አለበት ሌሊት ሲያፍነው ቁጭ ብዬ ነው የማድረው። ባለቤቴ እስኪሠሩልን ድረስ ኪራይ አልከፍልም ብሏል እኔ ፈራሁ፣ አንድ ዘመዳችን ደግሞ አዲስ ናችሁ ዝም በሉ ያስወጧችኋል አለን። የምታውቁ በጻድቃኔ ማርያም ንገሩኝ።

የሞላሌው ልጅ፦

እህቴ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ልጅሽን እመቤቴ ትማርልሽ። ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ ነው ታገሺኝ፣ እኔ እዚሁ ሜሪላንድ አፓርታማ ውስጥ ሜንቴናንስ፣ የጥገና ሠራተኛ፣ ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ፣ ቢሮው ውስጥ ምን እንደሚደረግ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ከሁሉ በፊት ባለቤትሽ ኪራዩን እንዳያቆም ለምኚልኝ። ንዴቱ ይገባኛል፣ ግን እዚህ ኪራይ ሲቀር አከራዩ ብዙም ሳይቆይ ፍርድ ቤት (ኮርት) ይከሳል፣ ክሱ ደግሞ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም የሚለው ነው፣ ያን ቀን ቆማችሁ በረሮ አለ ጣራው ያፈሳል ብትሉ ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ያሳወቃችሁበት ነገር ከሌለ ማስረዳቱ ይከብዳችኋል፣ በላዩም የክስ መዝገብ ስማችሁ ላይ ይቀመጥና ሌላ ቤት ስትፈልጉ ጣጣ ይሆናል። መብታችሁ ያለው በሌላ በር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሬንት ኤስክሮ የሚባል ሕግ አለ፣ ኮርት አመልክታችሁ ዳኛው ሲፈቅድ ኪራዩን ለአከራዩ ሳይሆን ለኮርቱ ትከፍላላችሁ፣ ዳኛው ብሩን ይዞ አከራዩን ጠግን ይለዋል፣ እንደ ጉዳዩም ኪራዩን ሊቀንስላችሁ ወይም ከተያዘው ላይ ሊመልስላችሁ ይችላል። ባለቤትሽ የሚፈልገው እኮ ይኸው ነው፣ እናንተ ከፍላችኋል ማንም ያልከፈሉ ሊላችሁ አይችልም፣ እሱ ግን ሳይሠራ ብሩን አያገኝም።

እዚያ ለመድረስ ወረቀት ያስፈልጋል። በስልክ የተነገረ ነገር ቢሮ ውስጥ እንዴት ጠፍቶ እንደሚቀር ልንገርሽ። ስትደውዪ የተቀበለችሽ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ወርክ ኦርደር፣ የጥገና ትእዛዝ፣ ትከፍታለች፣ አንዳንዴም አትከፍትም። ከተከፈተ ለኛ ይመጣል፣ ሄደን እናንኳኳለን፣ ሰው ከሌለ ወይም የሚረጨው ኮንትራክተር አንዴ ረጭቶ ከወጣ ተጠናቋል ተብሎ ይዘጋል። በረሮው አለቀ ወይ ብሎ ተመልሶ የሚያይ የለም። ከወር በኋላ ስትደውዪ እንደ አዲስ ይከፈታል፣ ስለዚህ መዝገቡ ላይ አንቺ ሁልጊዜ ገና ያመለከትሽ ነሽ፣ እነሱ ደግሞ በየጊዜው ቶሎ መልስ የሰጡ ናቸው። ኮርት ሲጠሩ ይዘውት የሚቀርቡት ይሄንን ነው። ይሄ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል፣ እናቶች ልጅ አዝለው ቢሮ ድረስ መጥተው አልቅሰው ሲሄዱ አንድ መስመር እንኳን ሳይጻፍ ሲቀር አይቻለሁ።

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፊ። እንግሊዝኛው ቆንጆ መሆን የለበትም፣ ካስፈለገ ከኛ አንዱ ይጽፍልሻል። ቀን፣ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ከዚያ በየክፍሉ የተበላሸውን፣ ኪችን ውስጥ በረሮ፣ ከምድጃው ኋላ አይጥ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ ባኞ ቤት ከላይ የሚወርደው ውሃና ሻጋታው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ መቼ መቼ እንደነገርሻቸው፣ ልጁ አስም እንዳለበት። ፖስታ ቤት ሄደሽ በሰርቲፋይድ ሜይል ከሪተርን ሪሲት ጋር ላኪው፣ የተቀበለው ሰው የፈረመባት ካርድ ወደ አንቺ ትመለሳለች፣ እሷ እንዳትጠፋብሽ፣ የደብዳቤውንም ኮፒ ያዢ። አከራዩ ነገሩን ካወቀ በኋላ ለመጠገን ተገቢ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ከ30 ቀን በላይ ከሆነ ግን ሕጉ ዘግይቷል ብሎ ነው የሚነሳው፣ አልዘገየሁም የሚል ከሆነ ማስረዳት የሱ ፈንታ ነው።

ፎቶ ስታነሺ ደግሞ በረሮውን ብቻ አታንሺ። ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አድርጊና ከኋላ ሞተሩ ያለበትን ሞቅ የሚለውን ቦታ አንሺ፣ የፍሪጁን በር ጎማ ገለጥ አድርጊው፣ እጥፋቱ ውስጥ ጥቁር ደቃቅ ነገር ካለ ኩሱ ነው፣ ከሲንኩ ሥር ቧንቧው ግድግዳውን ሰንጥቆ የሚገባበትን ክፍት አንሺ። ይሄ ክፍት ዋና ማስረጃ ነው፣ አከራይ ሁሉ የሚለው እናንተ ምግብ ትበታትናላችሁ ነውና። ግድግዳ መድፈን የተከራይ ሥራ አይደለም። አይጥ እኮ የእርሳስ ውፍረት ባላት ቀዳዳ ነው የሚገባው፣ ስድስት ሚሊ ሜትር ይበቃዋል።

ሕጉ ሁሉን ነገር እንደማይሸፍን ግን እወቂ። ቀለም ደበዘዘ፣ ምንጣፉ አረጀ፣ ግድግዳው ትንሽ ተሰነጠቀ፣ ኤሲ የለም፣ ለዚህ ኤስክሮ አይሆንም። የሚሆነው ለሕይወትና ለጤና የሚያሰጋ ነገር ሲሆን ነው፣ ሙቀት ወይም መብራት ወይም ውሃ ሲጠፋ፣ ፍሳሽ ሲወጣ፣ እሳት የሚያስነሳ ነገር ሲኖር። አይጥ በስሙ ተጠቅሷል፣ ግን ሁለትና ከዚያ በላይ ቤት ውስጥ መኖር አለበት ይላል። በረሮ በስሙ የለም፣ እሱን በጤና በኩል ነው የምታስገቢው፣ የበረሮ ኩስና ብናኝ የልጆችን አስም እንደሚያስነሳ የታወቀ ነው፣ ስለዚህ ከልጅሽ ሐኪም አንድ ገጽ ደብዳቤ ተቀበዪ፣ በጣም ይረዳሻል።

ሁለት ቤት የሚለውን አየሽው አይደል? እዚህ ላይ ነው ልቤ ያለው። በሩን ዘግቶ ለብቻ የሚታገል ሰው በሕጉም ይቸገራል በበረሮውም ይቸገራል። የአንቺን ቤት ብቻ ቢረጩት በረሮው በቧንቧው ተከትሎ ጎረቤት ይገባል፣ ሽታው ሲጠፋ ይመለሳል፣ የላይኛው የታችኛውና የጎን ቤቶች አንድ ላይ ካልታከሙ ለውጥ የለውም፣ ይሄን ሜንቴናንስ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ የሜሪላንድ ሕግ ተከራዮች በአንድ ላይ ሆነው ኤስክሮ እንዲያመለክቱ ፈቅዷል። እኛ መንዝ እኮ አንድ ሰው ብቻውን አዝመራውን አይሰበስብም፣ ዛሬ ያንቺ ነገ የኔ ተባብለን በወንፈል ነው፣ ይሄም እንደዚያው ነው። ቅዳሜ ቡና አፍልተሽ ጎረቤቶችሽን ጥሪ፣ ሀበሻም ስፓኒሽም ይሁን፣ የባኞ ጣራሽ ላይ የሚፈሰው ውሃ የላይኛዋ ሴትዮ ቤትም ችግር ነው። ሁሉም የየራሱን ደብዳቤ በአንድ ሳምንት ይላክ።

ደብዳቤውን በላክሽ ማግስት 311፣ የካውንቲው አገልግሎት ስልክ ነው፣ ደውዪ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ስለሆንሽ የቤት ኢንስፔክተር ይልኩልሻል፣ አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በይ። ኢንስፔክተሩ ጉድለቱን ጽፎ ለአከራዩ ይሰጠዋል፣ ያ ወረቀት ኮርት ውስጥ ካንቺ ፎቶ ሁሉ ይበልጣል ምክንያቱም የመንግሥት ነው። ሲመጣ ቤቱን አጽድተሽ አትጠብቂው እባክሽ! እናቶቻችን እንግዳ ሲመጣ የሚያደርጉትን አውቃለሁ፣ ግን የአይጡን ኩስ ጠርገሽ ካወጣሽ ምን ያያል? ወጥ ቤትሽ ንጹሕ ይሁን፣ ከፍሪጁና ከምድጃው ኋላ ያለውን ግን እንዳለ ተዪው።

የጠባሴዋ፦

ወንድሜ እግዜር ይስጥህ፣ ባለቤቴም አንብቦታል ኪራዩን እከፍላለሁ ብሏል። ግን እውነት አያስወጡንም? ደብረ ብርሃን ስንከራይ አከራያችን እዚያው ግቢ ነበረች፣ ቡና አብረን እንጠጣለን ለልጆቼ ዳቦ ትቆርስላቸዋለች፣ ጣራው ሲያፈስ ባለቤቴ ራሱ ወጥቶ ይመታዋል እንጂ እሷን አናስቸግርም፣ ቅር ካላት ልቀቁ ትላለች ያልቃል። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረንም።

የሞላሌው ልጅ፦

ገብቶኛል፣ ሁላችንም ያን ይዘን ነው የመጣነው። አገር ቤትም ቢሆን በኛ አቆጣጠር በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሁን፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ብሏል፣ የት የት ከተማ እንደሚሠራበት ክልሎች የሚወስኑት ቢሆንም። እዚህ ደግሞ አከራይሽ ቡና የምታጠጪው ሰው አይደለም ካምፓኒ ነው፣ ደብዳቤ ጻፈችብኝ ብሎ የሚቀየም ልብ የለውም፣ ይሉኝታሽን ለጎረቤትሽ አስቀምጪው።

ስለ ማስወጣት፣ የሜሪላንድ ሕግ ተከራይ ስላመለከተ ወይም ከጎረቤት ጋር ስለተደራጀ ብሎ ማስወጣትን፣ ኪራይ መጨመርን፣ አገልግሎት መቀነስን ይከለክላል። ይሄ የሚጠብቅሽ ግን ኪራይሽን እስከከፈልሽ ድረስ ነው፣ ለዚህ ነው ኪራዩን አታቁሙ ብዬ የምጮኸው። ያለ ኮርት ትእዛዝ ቁልፍ መቀየር ዕቃ ማውጣት አይችሉም። ኢንስፔክተሩም ቤቱን ሊያይ ነው የሚመጣው፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዳችሁ ሊጠይቅ አይደለም፣ ይሄን የምጽፈው የመኖሪያ ወረቀታቸው ስላላለቀ ፈርተው ከሻጋታ ጋር የሚኖሩ ወገኖቻችን እዚህ ስላሉ ነው።

የአለም ከተማው፦

ወንድማችን ጥሩ ነው የጻፈው፣ ግን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ላለነው ይለያል። ቨርጂኒያ ውስጥም ለኮርት መክፈል አለ፣ ቴናንትስ አሰርሽን ነው የሚባለው፣ ኪራዩ ከሚከፈልበት ቀን ጀምሮ በ5 ቀን ውስጥ ኮርት መግባት አለበት፣ ካሳለፋችሁት ሌላ ወር መጠበቅ ነው። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፣ በጽሑፍ አሳውቃችሁ 14 ቀን አከራዩ ምንም ካላደረገ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አሠርታችሁ ከኪራይ መቀነስ ትችላላችሁ፣ ጣሪያው የአንድ ወር ኪራይ ወይም 1500 ዶላር ነው ከሁለቱ የሚበልጠው። ሪሲቱን ለአከራዩ መስጠት አለባችሁ። ሜሪላንድ ያላችሁ ይሄን አይታችሁ በራሳችሁ እንዳትቀንሱ፣ ችግር ውስጥ ትገባላችሁ።

ከዲሲ፦

ዲሲ ላላችሁ ልጨምር። ጠግን ካልጠገንክ ኪራዩን እንዳለ አትጠይቅም የሚለው መብት የመጣው ከዚሁ ከተማ ነው፣ በ1970 ክሊፍተን ቴራስ የሚባለው አፓርታማ ተከራዮች ተከሰው ይግባኝ ብለው ነው ያሸነፉት፣ ከዚያ በኋላ ነው በየስቴቱ የተስፋፋው። ዲሲ ሱፒሪየር ኮርት ውስጥ ለቤት ጥገና ብቻ የተለየ ችሎት አለ፣ ያለ ጠበቃም መክሰስ ይቻላል። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በቋንቋችሁ እንዲያስተናግዷችሁ ሕግ አለ፣ አማርኛ ዋና ዋና ወረቀቶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ አስተርጓሚ የለንም ቢሏችሁ እሺ ብላችሁ አትመለሱ።

የጠባሴዋ፦

የላይኛዋ ጎረቤቴን አነጋገርኳት፣ እሷም አይጥ አለባት! የሳልቫዶር ሰው ናት፣ በልጇ በኩል ተግባባን፣ ቅዳሜ ትመጣለች። እስከዚያ ግን በረሮውን ምን ላድርገው? ባለቤቴ ያንን የሚያጨስ ቆርቆሮ ልግዛ ይላል።

የሞላሌው ልጅ፦

እልልል! በቃ ሁለት ቤት ሆናችሁ።

የሚያጨሰውን በፍጹም፣ አስም ያለበት ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ አይሞከርም፣ በረሮውንም አይነካውም ግድግዳ ውስጥ ይበትነዋል እንጂ። ጄል ግዙ፣ እንደ መርፌ ባለ ዕቃ ውስጥ የሚሸጠውን፣ የሩዝ ፍሬ በምታህል ጠብታ ማጠፊያዎቹ ላይ፣ ከሲንክ ሥር፣ ከፍሪጅ ኋላ፣ ልጆች እጃቸው በማይደርስበት። በላዩ ላይ ስፕሬይ አትርጩ፣ ከረጫችሁበት በረሮው ጄሉን አይበላም። ቀዳዳውን ፎቶ ካነሳችሁና ኢንስፔክተሩ ካየው በኋላ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቁበት፣ አይጥ ሽቦ አይበላም። ጤፉንና በርበሬውን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ባልዲ አድርጊው፣ ሽሮውንም።

የአለም ከተማው፦

አንድ ነገር፣ ትኋን ያለባችሁ ካላችሁ ለፋሲካ ወደ አገር የምትሄዱ አደራ። ልብሱን ድራየር ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 30 ደቂቃ አሽከርክሩት፣ ሙቀት ነው የሚገድለው፣ ከዚያ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በፕላስቲክ ዘግታችሁ አስቀምጡት። ሻንጣውንም ከአልጋ ሥር አታስቀምጡ፣ ስፌቱንና ዚፑን በባትሪ መብራት እዩት፣ እናቶቻችን ቤት ይዘን እንዳንገባ። እህቴ ቅዳሜ ምን እንደሆነ ጻፊልን፣ ደብዳቤውን ለማየት ፈቃደኛ የሆነ ሰው እዚህ አይጠፋም፣ እኔም አለሁ።