እናቴ ሙሉ የአፍ ጥርስ ልታሰራ ነው፣ ሳንጀምር ምን እንጠይቅ?

የእማዬ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እናቴ 61 አመቷ ነው፣ ከላይ 7 ከታች 9 ጥርስ ነው የቀራት፣ ግማሾቹ ይነቃነቃሉ ድዷም ስትቦርሽ ይደማል። አንዱ ሐኪም ሁሉም ይነቀልና ከላይም ከታችም በኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚተከል ብሎን) ሙሉ ጥርስ ይሰራላት አለን፣ ሌላው ጋ ስንሄድ ደግሞ የለም መጀመሪያ ድዷ ይታከም፣ የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ማዳን ይቻላል አለ። እማዬ ማኘክ ስላስመረራት "ንቀሉልኝና ልገላገል" ነው የምትለው፣ እኔ ግን አንዴ ከተነቀለ አይመለስም ብዬ ፈርቻለሁ። ያሰራችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ ምን መጠየቅ እንዳለብን ንገሩኝ እባካችሁ።

አሰርቼ ያለፍኩ፦
መፍራትሽ ልክ ነው እህቴ። እኔ ከላይ በኢምፕላንት ከታች በክራውን (ጥርሱ ተሞርዶ ላዩ ላይ በሚጠለቅ ሽፋን) አሰርቼ 11 ወር ፈጅቶብኛል። ጊዜያዊው የፕላስቲክ ጥርስ የገባልኝ ሰሞን "ሰ" እና "ፈ" አልወጣ ብሎኝ ስልክ ማንሳት ሁሉ ትቼ ነበር፣ ማታ ማታ ጮክ ብዬ ሳነብ ነው በ3 ሳምንት የተስተካከለው። ከዛ ደግሞ በግራ በኩል አንዱ ጥርስ ቀድሞ ይነካና ጠዋት ስነሳ ጆሮዬ ስር ያመኛል፣ እለምደዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ፣ በኋላ ሐኪሙ ያቺን ሰማያዊ ወረቀት አስነክሶኝ ቀለም የያዘችውን ቦታ ትንሽ ፋቅ ሲያደርጋት ህመሙ በዛው ጠፋ። እና እናትሽ ጊዜያዊው አፏ ውስጥ እያለ ያልተመቻትን ሁሉ ትናገር፣ ቁመቱንም ንግግሩንም አነካከሱንም፣ ዋናው ከተሰራ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

ነጭ ጋዋን፦
የጥርስ ሐኪም ነኝ፣ አፏን ሳላይ ማን ልክ እንደሆነ አልፈርድም። ግን የድድ በሽታ ሳይታከም መቸኮል አልወድም፣ ምክንያቱም ጥርሱ ቢነቀልም ያው አይነት ኢንፌክሽን ኢምፕላንቱ ዙሪያ መጥቶ አጥንቱን ሊበላው ይችላል። ሐኪሞቹን "እያንዳንዱ ጥርስ ለምን እንደሚነቀል አንድ በአንድ ኤክስሬዩ ላይ አሳዩኝ" በያቸው። ኢምፕላንት የቲታኒየም ብሎን ነው፣ ከአጥንት ጋ እስኪያያዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል፣ አጥንቷ ከሳሳ ደግሞ መጀመሪያ አጥንት መሙላት ይኖራል እሱም ወራት ይጨምራል። "በአንድ ቀን ሙሉ ጥርስ" ሲባል የዛን ቀን የሚገባው ብዙውን ጊዜ ጊዜያዊው ነው። ለክራውን የሚሞረደው ጥርስም ተመልሶ አያድግም፣ ስለዚህ ደህና ጥርስ ለመልክ ብቻ ሲሞረድ እኔ ያሳዝነኛል። ስኳር፣ ሲጋራ፣ ማታ ጥርስ ማፋጨት፣ ደም ማቅጠኛ፣ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት፣ አንዱም ካለ ከመነቀሉ በፊት ይነገር። የኢምፕላንቱን ስምና ቁጥር የያዘ ካርድም ተቀበሉ፣ ከአመታት በኋላ ጥርሱን ከኢምፕላንቱ ጋ የያዘው ትንሽ ብሎን ቢላላ የትኛው ቁልፍ እንደሚገባለት በሱ ነው የሚታወቀው።

የአባቱ ልጅ፦
እኔ የምጨምረው ስለ ማፅዳት ነው። አባቴ የማይወልቅ ነው ያሰራው፣ ስር ስሩ ምግብ ይገባል፣ በቀጭኗ ብሩሽ በየቀኑ መጥረግ አለበት፣ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ደግሞ አይችልም እኔ ነኝ የማፀዳለት። የእናትሽ እጅና አይን እንዴት ነው? ለታች 2 ኢምፕላንት ላይ ጠቅ ብሎ የሚገጠም፣ ማታ አውልቃ የምታጥበው አይነትም አለ፣ እኛ ይሄን ያኔ ብናውቅ እሱን ነበር የምንመርጠው።

የእማዬ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ዶክተር፣ እማዬ ለአጥንት መሳሳት በየ6 ወሩ መርፌ ትወጋለች! ሁለቱም አልጠየቁንም እኛም አልነገርናቸውም፣ የጥርስ ጉዳይ አልመሰለንም።

ነጭ ጋዋን፦
እንኳን ጠየቅሽ። የዚህ አይነት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጥርስ ሲነቀል አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንቱ ሳይድን ይቀራል፣ ብዙ ሰው ላይ አይደርስም ግን አንዴ ከመጣ ማዳኑ አስቸጋሪ ነው። ለሁለቱም ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያቸው። መርፌውን ግን በራሳችሁ እንዳታዘገዩት፣ ከነዚህ መርፌዎች አንዳንዱ ሲዘገይ የጀርባ አጥንት ስብራት ሊያመጣ ይችላል፣ መርፌውን ያዘዘላት ሐኪምና የጥርሱ ሐኪም ተነጋግረው ይወስኑ። የመርፌውን ስም፣ ከጀመረች ስንት ጊዜ እንደሆናትና መጨረሻ የተወጋችበትን ቀን ፅፈሽ ይዘሽ ሂጂ።