ደሴ ሆኜ የአሜሪካ ክሬዲት ካርዶቼ እንዳይዘጉብኝ ምን ላድርግ?

የሆጤዋ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ቨርጂኒያ አሥራ አንድ ዓመት ከኖርኩ በኋላ እናቴን ለማስታመም ደሴ ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ፤ ገና ሁለት ዓመት ያህል የምቆይ ይመስለኛል። አራት የአሜሪካ ክሬዲት ካርዶች ነበሩኝ፤ አንዱም ዕዳ የለበትም። እዚህ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ የምገዛውን ሁሉ በጥሬ ብር ወይም በቴሌብር ስለምከፍል ካርዶቹ ከሻንጣዬ ኪስ ወጥተው አያውቁም። ባለፈው ሳምንት፣ ከሁሉም የቆየው ካርዴ ለረጅም ጊዜ ስላልተጠቀምኩበት መዘጋቱን የሚገልጽ ኢሜይል ደረሰኝ፤ ከዚያ በፊት ምንም አልተነገረኝም። ከቀሩት ሦስቱ አንዱ በዓመት 95 ዶላር ያስከፍላል። በየወሩ ሳልጨነቅ እንዳይዘጉ የማደርግበት ዘዴ ካለ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ። የአሜሪካ ሕግ ሒሳቡ ባለመንቀሳቀሱ ምክንያት ካርድ የሚዘጋን ባንክ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ አያስገድደውም። ደግነቱ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ካርዱን ባለመጠቀም ቅጣት ማስከፈልን ስለከለከለ፣ በዚህ ረገድ የሚደርስብሽ መዘጋቱ ብቻ ነው። ስንት ወር ዝም ቢባል እንደሚዘጋ ከባንክ ባንክ ይለያያል።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ አንድ ትንሽ ክፍያ አስሬያለሁ፤ ለምሳሌ ለስልኬ ፎቶዎች ማስቀመጫ የምከፍለው አንድ ዶላር የማይሞላ ገንዘብ አንዱን ካርድ ብቻውን ያንቀሳቅሰዋል። ከዚያ ካርዱ ከባንክ ሒሳቤ ዕዳውን በራሱ እንዲከፍል አዝዣለሁ፤ ትእዛዙም ዝቅተኛውን ክፍያ ሳይሆን የወሩን ሙሉ ዕዳ ይሁን። ክፍያው በዶላር ለአሜሪካ ድርጅት የሚሄድ ቢሆን ይመረጣል፤ ብዙ ካርዶች በውጭ አገር ግዢ ላይ እስከ 3 በመቶ ይጨምራሉና።

የሐይቅ ልጅ፦
ዘዴው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «በራሱ ይከፈላል» ብሎ መተኛት እኔን ጎድቶኛል። ወጪ ለመቀነስ ብዬ የአሜሪካ ስልክ ቁጥሬን ዘግቼ ነበር የመጣሁት። ካርዱ ጊዜው አልፎ አዲሱ ወደ ድሮ አድራሻዬ ተላከ፤ ወደ ሒሳቤ ልግባ ስል ደግሞ ባለ ስድስት አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው ወደዚያው ወደ ዘጋሁት ስልክ ሆነ። ሸዋ በር አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ያንን ቁጥር ስጠብቅ ሻዩ በረደ፤ ቁጥሩም አልመጣ። ስለዚህ የስልክ ቁጥርሽን በርካሽ መስመር አቆዪው፤ ካርድ የሚቀበልልሽ ዘመድም ይኑርሽ።

ሌላም አለ። ከፋዩ የባንክ ሒሳብ ራሱ ባዶ ከሆነ ወይም ከተዘጋ፣ አንድ ዶላር የማትሞላ ዕዳ ከ30 ቀን በላይ ስትዘገይ በክሬዲት ታሪክሽ (አበዳሪዎች በሚያዩት የዕዳ አከፋፈል መዝገብሽ) ላይ ልትመዘገብና እስከ ሰባት ዓመት ልትቆይ ትችላለች። ይህ ከካርዱ መዘጋት እጅግ የከፋ ነው።

ወሎዬው፦
ስለ ባለ 95 ዶላሩ ካርድ፣ ከመዝጋትሽ በፊት ደውለሽ ዓመታዊ ክፍያ ወደሌለው ካርድ እንዲቀይሩልሽ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ሒሳቡና የጀመረበት ቀን ሳይለወጥ ይቀይሩታል። ስለተዘጋው ብዙ አትዘኚ፤ በሰላም የተዘጋ ሒሳብ በታሪክሽ ላይ እስከ አሥር ዓመት ይታያል። የሚጎዳሽ የብድር ጣሪያሽ፣ ማለትም በካርዶችሽ ልትበደሪ የምትችዪው ከፍተኛ መጠን፣ መቀነሱ ነው፤ ከጣሪያሽ የተጠቀምሽው ድርሻ ሲጨምር በአበዳሪዎች ዘንድ ያለሽ ደረጃ ይቀንሳልና፦ ጣሪያሽ በድምሩ 12,000 ዶላር ሆኖ 600 ብትበደሪ የተጠቀምሽው 5 በመቶ ነው፤ ጣሪያው ወደ 3,000 ከወረደ ግን ያው 600 ዶላር 20 በመቶ ይሆናል። አሁን ቤት ወይም መኪና በብድር የማትገዢ ከሆነ ይህም ቢሆን የሚያስቸኩል አይደለም፤ እንዲያውም እኔ ብሆን ሁለቱን ብቻ እይዝ ነበር።

ካርዱን ለማንቀሳቀስ ብለሽ ግን ፒያሳ ካሉት የባንክ ማሽኖች በክሬዲት ካርድ ብር እንዳታወጪ። ያ ግዢ ሳይሆን የጥሬ ገንዘብ ብድር ስለሆነ ከአገልግሎት ክፍያው በላይ ወለዱ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።

የሆጤዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ባንኩ ጋ ደወልኩ፤ አቦሉ ሲቀዳ የጀመረው ሙዚቃ በረካው ላይ ቆሞ ሰው አነሳልኝ። ባለ 95 ዶላሩን ቀይረውልኛል። አሁን የቀረኝ ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ አድራሻዋን እንድትሰጠኝ መለመን ነው።